ሐኪሟ እንደ ላም የጮኸች ቀን

ዛሬ፣ ኪጋሊ በሚገኝ የሕፃናት ክሊኒክ ሥራ በጀመርኩበት የመጀመሪያ ቀን፣ ነጭ ጋወኔን እንደለበስኩ "እምቧ" አልኩ።

አንድ ሕፃን ክፉኛ ያስለው ነበር። ደረቱን ላዳምጥ ስጠጋ ለቅሶው ብሶ ትንፋሹን መስማት አቃተኝ። የአገሩን ቋንቋ አላውቅም፤ የማውቀው ማባበያ ሁሉ በአማርኛ ነው።

ግራ ሲገባኝ እንደ ፎገራ ላም ጮህኩ። ወረታ፣ ከፎገራ ከብት ጋር ያደገ ሰው ሌላ ምን ያውቃል?

ልጁ አፉን ከፍቶ ዝም አለ። ቶሎ ብዬ አዳመጥኩት። የሳንባ ምች ነበር፤ ወዲያው መድኃኒት ጀመርንለት።

ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሕፃናት ሰምተው ኖሮ፣ ነርሷ እንደተረጎመችልኝ፣ ከዚያ በኋላ የገባው ሁሉ ላሟን ካልሰማሁ አልመረመርም አለ።

ወረታ ላለችው እናቴ ደውዬ ነገርኳት።

"ደግ አድርገሻል ልጄ" አለችኝ። "ብቻ ሐኪም መሆንሽንም ንገሪያቸው።"

እናንተስ፣ በመጀመሪያ የሥራ ቀናችሁ ክብራችሁን ምን አድርጋችሁ ጣላችሁት?