ጋሽ ላዝሎ ቃል ሲፈልጉ

የመጀመሪያው ምልክት አሳቀኝ። ጋሽ ላዝሎ ቤድፎርድ ሰፈር ባለው ቤታቸው ሶፋ ላይ ሆነው ሻይ እየጠጡ ነበር። አፋቸው በቀኝ በኩል ወረደ። ብርጭቆው ከእጃቸው ወደቀ። ትወና መሰለኝ።

ምን ላድርግ፣ ሰውዬው ተዋናይ ናቸዋ። በወጣትነታቸው ቡዳፔስት ቴአትር ቤት ንጉሥ ሆነው ይጫወቱ ነበር። የሩሲያ ታንክ ሲገባ ጥለው ወጡ። አሜሪካ ግን በአነጋገራቸው ምክንያት ፊልም ላይ የሚሰጧቸው የሰላይ ሚና ብቻ ነበር፤ ያውም ቶሎ የሚሞት ሰላይ። ሲያረጁ ከእኛ አፓርትመንት ታች ገቡ። እማዬ ሆም ሄልዝ ኤይድ፣ ማለትም አቅመ ደካሞችን ቤታቸው የምትንከባከብ፣ ስለሆነች ትረዳቸው ነበር፤ እኔ ከኮሌጅ ተመርቄ ሥራ ሳጣ ቀን ቀን ተካኋት። ሲደብረኝ ሲያዩ ሶፋው ላይ እንደ ፊልሙ ይሞቱልኝ ነበር።

ሶ፣ "ጋሽ ላዝሎ፣ ይቺን ሞት አይቻታለሁ" አልኳቸው።

አፋቸው እንደተጣመመ ቀረ። ቀኝ እጃቸውን አነሳሁት። ወደቀ። 911 ኮል አደረግኩ።

ሆስፒታል ሲቲ ስካን ተነሱ። ስትሮክ ነው። የረጋ ደም በግራ በኩል የአንጎላቸውን ደም ስር ዘግቶታል።

"አፌዥያ አለባቸው" አለን ዶክተሩ። "የምትሉትን ይረዳሉ። ቃሉ ግን አይመጣላቸውም።"

ያ ሁሉ ድምፅ። አንድ ቃል የለም።

ዘመድ የላቸውም። ሪሃብ፣ ማገገሚያው፣ ሲገቡ ዶክተሩ ምንም አልደበቀም፦ "ቤታቸው የሚመለሱት ስልክ አንስተው እርዳታ መጥራት ከቻሉ ነው። ካልሆነ ነርሲንግ ሆም፣ መጦሪያ ቤት።" ጋሽ ላዝሎ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እኔና እማዬ ደግሞ አባባስነው። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲቸገር ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ነው። "ው..." ሲሉ እማዬ ውሃ ይዛ ትሮጣለች። እኔ ማይክሮዌቭ እንኳ እስኪጨርስ የማልጠብቅ ሰው ነኝ፤ ዓረፍተ ነገሩን ሙሉ እጨርስላቸዋለሁ። ንግግር የምታለማምዳቸው ስፒች ቴራፒስት ስታየን ቆየች።

"ሁለታችሁም በጣም ጥሩ ትናገራላችሁ" አለች። "ፔሸንቱ ግን እሳቸው ናቸው።"

ተናደድኩ። ከዚያ የጋሽ ላዝሎ የራሳቸው ወሬ ትዝ አለኝ። ቴአትር ቤት ከመጋረጃ ኋላ ተደብቆ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ የሚያስታውስ ሰው አለ። "ጎበዙ፣ ተዋናዩ ዓይኑን እስኪያዞርለት ዝም ይላል" ይሉኝ ነበር። "የሚቀድመንንማ ልናንቀው ነበር የምንፈልገው።"

ሶ ዝም ማለት ጀመርኩ። ያሳብዳል። ጠዋት ፊዚካል ቴራፒ፣ ከሰዓት ስፒች፣ በመሀል ደግሞ የድሮ ፊልማቸውን ቪሲአር ላይ ከፍተንላቸው ከራሳቸው ጋር አብረው ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ፣ እኔ ምላሴን ነክሼ ስጠብቅ፣ ማለቴ በጣም ቀስ እያለ፣ "ውሃ" መጣ፣ "በቃ" መጣ፣ ሾርባ ይዛ ለቆመችው ለእማዬ ደግሞ አንድ ረጅም የሃንጋሪ ስድብ መጣ። ቴራፒስቷ ስድብ በቀላሉ መምጣቱ የተለመደ ነው አለች። እማዬ "ይሁን፣ ብቻ ያውጡት" አለች።

የፈተናው ቀን ቴራፒስቷ ያልተሰካ ስልክ ሰጠቻቸው። ያዙት። ዝም። አሁንም ዝም። እማዬ አፏን ልትከፍት ስትል ግራ መዳፋቸውን ወደ እሷ ዘረጉ። ዓይናቸውን ወደ እኔ አላዞሩም።

"ላዝሎ" አሉ። "ቤድፎርድ።" ቆዩ። "እርዱኝ።"

"ተመስገን" አለች እማዬ። እሳቸው ስልኩን እንደያዙ አንገታቸውን ጣል አድርገው ሞቱ። ደንግጬ ስነሳ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ።

አሁን ቤታቸው ናቸው። ያቺን ቴራፒስት እግዜር ይስጥልኝ፤ እማዬንም፣ ዝም ስላለች። እናንተም ዘንድ ትልቅ ሰው ካለ፣ አፍ ሲጣመም ወይ እጅ ሲዝል አትጠብቁ፤ ቀልድ ቢመስላችሁም ኮል አድርጉ። ኋላ ቃል ሲፈልጉ ግን ጠብቋቸው። ሻዩ ይቀዝቅዝ።