ውሃ የተከለከሉት ጥዶች

የደረቀ የጥድ ቅጠል በጣቶቼ መካከል ሳደቅቅ የሚወጣው የሙጫ ሽታ ዛሬም ወደ ሊልበርን፣ ወደ አጎቴ ጓሮ ይመልሰኛል። በዚያ የየካቲት ቅዳሜ ከሰዓት አራት ነበርን፦ አካፋ የያዙት አጎቴ፣ የልጃቸውን ጃኬት ደርበው በረንዳው ላይ የቆሙት ባለቤታቸው፣ ከዩኒቨርሲቲ ለዊኬንድ መጥታ አጠገባቸው የቆመችው ልጃቸው፣ እና የእጅ ጋሪ የምገፋው እኔ። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ምድር ቤታቸው ውስጥ እኖር ነበር።

አጎቴ አገር ቤት የግብርና ባለሙያ ነበሩ። ወደዚህ አገር ተሰደው ዳውንታውን የመኪና ፓርኪንግ ውስጥ መሥራት ከጀመሩ ወዲህ ይህንን የሚያስታውሱላቸው በመስከረም መጨረሻ አጥሩ ሥር የተከሏቸው አምስት ጥዶች ብቻ ነበሩ። አሁን አምስቱም ቡናማ ሆነዋል።

"ብርድ መቷቸዋል፤ ነቅለን እንጣላቸው" አሉ።

"ኤክስፐርቱ!" አሉ ባለቤታቸው ከበረንዳው። "ወረዳ ሙሉ ችግኝ አስተክለህ አምስት ጥድ አቃተህ?"

"ማሚ፣ ተዪው እንጂ! ላይክ፣ ሞተዋል እኮ" አለች ልጃቸው።

አካፋው መሬት ሲነካ ደነገጥኩ። ከላይብረሪ የተዋስኩትን የዛፍ መጽሐፍ ሁለቴ አንብቤ ነበር።

"ጋሼ፣ አንዴ ይዩት" አልኩ።

ቡናማው በመንገዱ በኩል፣ ነፋስና የከሰዓት ፀሐይ በሚያገኘው ጎን ብቻ ነበር። በአጥሩ በኩል አረንጓዴ ነው። የአንዱን ቅርንጫፍ ቅርፊት በጥፍሬ ስፍቀው ውስጡ እርጥብ፣ ለምለም ሆኖ ታየ።

"ታዲያ ምን ነክቷቸው ነው?" አሉ ባለቤታቸው።

መልሱን አውቀው ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ዝናብ ጠፍቶ ሳለ አጎቴ "በብርድ ውሃ ማጠጣት ማሳመም ነው" ብለው የውሃ ጎማውን ጠቅልለው ጋራዥ አስገብተውት ነበር። ጥድ ግን በብርዱም ወራት ቅጠሉን አያራግፍም። ነፋሱ እርጥበቱን ሲወስድበት፣ ገና ያልጠለቀው ሥሩ የሚተካበት ውሃ አላገኘም። ይህን በሚስታቸውና በልጃቸው ፊት መናገር አቃተኝ።

"ነፋሱ ይመስለኛል" አልኩ።

አጎቴ የተፋቀውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"ነፋስ ብቻ አይደለም" አሉ በመጨረሻ። "ውሃ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። ገበሬ እንዲህ ቢያደርግ እቆጣው ነበር።"

በረንዳው ላይ ማንም አልሳቀም።

አራቱ ተረፉ። በሚቀጥለው ኅዳር ከብርዱ በፊት እስከ ሥሮቻቸው ጠግበው ጠጡ፤ ግርጌያቸውን ደረቅ ሣር አለበስናቸው፤ በነፋሱ በኩል ጆንያ ወጠርንላቸው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ግን አጎቴ ስለ ተክል የሚጠይቃቸውን ሁሉ "እሱን ጠይቁት" እያሉ ወደ እኔ ይልኩ ጀመር። እየሳቁ ነበር የሚሉት። እኔ ግን እሳቸው ሲመልሱ መስማት ነበር የምወደው። አሁን እሳቸው በሕይወት የሉም።

በዚያው የየካቲት ቅዳሜ ጎማውን ከጋራዥ አውጥተው ከአንዱ ጥድ ወደ አንዱ ሲሄዱ፣ እያንዳንዱ ጋ ቁጢጥ ብለው በዝቅተኛ ድምፅ አንድ ነገር ይሉ ነበር። እኔ ጋሪውን ልመልስ ርቄ ነበር። እናንተ፣ እናትና ልጅ፣ በረንዳው ላይ የነበራችሁት ከእኔ ይበልጥ ትቀርቧቸው ነበር፤ ምን እያሏቸው ነበር? የሰማችሁ ንገሩኝ።