ከምሰሶው እጅ የማይርቅ ኢንቨርተር

የሠፈሩ ሰው «ምሰሶው» ነው የሚለው። ዕድሜውን የመብራት ምሰሶ ላይ ሲወጣ ሲወርድ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ቅጽል ስሙን ይዞ መጣ፤ ጉልበቱን ግን እዚያው ትቶት ነው የመጣው። አሁን ግቢው ጥግ ባለችው ክፍል የተቃጠሉ ሞተሮችን ሽቦ እንደገና ይጠመጥማል። ለዚህ ሥራ የሚሆነውን መብራት ከፀሐይ ለማግኘት ቆርጧል።

ክርክር የገጠመው የፀሐይ ፓነሎቹን ከምትገጥምለት ባለሙያ ጋር ነው፤ ባለሙያዋ ደግሞ የገዛ ልጁ ናት። የፀሐዩን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጠው ኢንቨርተር፣ አንዱ ዓይነት ለፓነሎቹ ሁሉ አንድ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሌላው ትንንሽ ነው፤ በየፓነሉ ሥር ለየብቻ ይታሰራል። ልጅቱ የመረጠችው ትንንሾቹን ነው። ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከር አለና፣ ከቀትር በኋላ ጥላው ፓነሎቹን በየተራ ይመታል። በአንድ ኢንቨርተር ከተሳሰሩ አንዱ ሲደክም ሌሎቹንም ይዞ ይወርዳል፤ ትንንሾቹ ግን እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ናቸው።

ይህ ምሰሶውን አልጠፋውም። ግን የግድግዳውን ቆሞ ይፈታዋል፣ ቆሞ ያስረዋል። የጣሪያውን ማን ይፈታዋል? ሐኪሙ መሰላል ከከለከለው ወዲህ እጁ የማይደርስበት ሁሉ የሰው ንብረት ሆኖበታል።

«እኔ እወጣልሃለሁ፣ አባዬ» አለችው።

«አንቺን ስጠብቅ ፀሐይዋም ትጠልቃለች።»

«ጥላውንስ ምን ልታደርገው ነው? ልትቆጣው?»

ሳቀ፤ ቃሉን ግን አላጠፈም። በነጋታው ወንበር አውጥቶ ግቢው መሐል ተቀመጠና ጥላው የሚሄድበትን ሲከተል ዋለ። ታንከሩን ሲያይ፣ ጣሪያውን ሲያይ፣ ዓይኑ በመጨረሻ የሥራ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ያለው ዝገት የበላው የቆርቆሮ ዳስ ላይ አረፈ። ልጁን ጠራት።

«ትንንሾቹ ይሁኑ። ግን እኔ ወደ እነሱ አልወጣም፤ እነሱ ወደ እኔ ይወርዳሉ።»

ዳሱ ዝቅ ያለ ስለሆነ የግቢው አጥር ጥላም ይጨመርበታል ብላ ተከራከረች። ታዲያ ትንንሾቹን የመረጥሽው ለጥላ አይደል ወይ አላት። መፍቻዋን አነሣች። ቆርቆሮውን አፈረሱ፤ እሱ ፓነሎቹ የሚያርፉበትን የብረት ማቀፊያ በየደ፣ እሷ ፓነሎቹን በቆርቆሮው ቦታ ደረደረች። ከሥር የሚታሰሩትን ኢንቨርተሮች ግን አላስነካትም፤ መሬት ላይ ቆሞ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ብሎናቸውን አንድ በአንድ ራሱ አጠበቀ።

ኢንቨርተሮቹ ሥራ በጀመሩ ቀን፣ ፀሐይዋ ስታዘነብል ከዳሱ ሥር ገባ። የመስመር ሠራተኛ ያልተማመነበትን ነገር በመዳፉ አይነካም፤ ኤሌክትሪክ ካለበት መዳፍ ይጨብጥና አይለቅም። እናም እንደ ልማዱ በእጁ ጀርባ እየዳበሰ ሄደ። ሁሉም ሞቀዋል፤ ጥላ ያረፈባት የዳር ዳሯ ብቻ ቀዝቀዝ ብላለች።

«ይቺ ደክሟታል» አለ።

«ጥላው ሲያልፍ ትነሳለች። ሌሎቹን አልጎተተችም» አለችው ልጁ፣ መሣሪያዋን እየሰበሰበች። «ከተበላሸች ደውልልኝ።»

«ለምን ብዬ?» አለና መፍቻውን ከእጇ ወስዶ በራሱ ኪስ ከተተው።