የግማሽ ኢንች ኩርፊያ

የሰፈሩ ሰው ማርሚታ ብሎ የሚጠራው ሥራውን አይቶ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የመኪና ጭስ ማውጫ ሲበይድ፣ የተቀደደውን ሲደፍን፣ የዛገውን ሲቀይር የኖረ ሰው ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ግን ትንሽ ተንኮልም ሳይኖርበት አልቀረም። ማርሚታ የተሠራው የሞተርን ጩኸት ለማፈን ነው፤ ይህ ሰውዬ ደግሞ ሲያንሾካሹክ እንኳ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። "ለሰው መኪና የምታበጀውን ምነው ለራስህ ጉሮሮ አንድ ብትሠራለት" እያለ ደፍሮ የሚያበሽቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የሚስቱ ወንድም ነው።

የሚስቱ ወንድም የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ቁመቱ አጠር፣ ንግግሩ ቆጠብ ያለ ነው፤ ደግሞም ሰው ሁሉ "ቧንቧዬ ጠብ ጠብ አለ፣ ድረስልኝ" እያለ ስለሚጠራው ጠብታ የሚል ስም ወጥቶለታል። ሁለቱ ከጋብቻው በፊትም እጅና ጓንት ነበሩ። እንዲያውም ማርሚታ ሚስቱን ያገኛት ጠብታ ቤት መፍቻ ሊዋስ ሄዶ ነው። "መፍቻዬንም እህቴንም ይዞ ሄደ፤ እስካሁን አንዳቸውንም አልመለሰም" ይላል ጠብታ፣ አዲስ ሰው ባገኘ ቁጥር።

ሁለቱ መኪና ይሠሩ ነበር። መጠገን አይደለም፤ መሥራት። ከማርሚታ ቤት ጀርባ ባለችው ጠባብ ግቢ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር፣ ከአገልግሎት የወጣ የታክሲ አካል አቆሙ። ጣሪያውን ቆርጠው ዝቅ አደረጉት፣ የኋላ መቀመጫውን ነቅለው ጣሉት፣ ኮፈኑንም አስወገዱና ከተገለበጠ የጭነት መኪና የወጣ፣ ለታክሲ ፈጽሞ ያልታሰበ ሞተር ጫኑበት። ብየዳው የማርሚታ ነው። የነዳጁንና የውሃውን መስመር የዘረጋው ጠብታ ነው። መኪናዋ ገና ጎማ እንኳ ሳይኖራት ጠብታ አንድ ጣሳ ቀይ ቀለም ይዞ ስለመጣ "ቀይዋ" ተብላ ቀረች፤ ቀለሙ ግን አልነካትም፣ እንደዛገች ናት። የማርሚታ ሚስት በሁለቱ ነገር እየሳቀች "ያጠብኩትን ልብስ ዝገት አታልብሱብኝ እንጂ የፈለጋችሁትን ሁኑ" ትላቸው ነበር።

በመጨረሻ የቀረው ጭስ ማውጫው ብቻ ሆነ። ጭስ ማውጫ ደግሞ የማርሚታ እንጀራ ነው፤ ችግር ይመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

"ሁለት ተኩል ኢንች" አለ ማርሚታ። "ይሄ እኮ የጭነት መኪና ሞተር ነው። ቱቦውን ካጠበብክበት ጭሱ ተመልሶ ጉሮሮው ላይ ይቆማል። ይተንፍስ እንጂ!"

"ሁለት ይበቃዋል" አለ ጠብታ።

"በሁለት ታፍነዋለህ!"

"ቱቦ ከልኩ በላይ ሲሰፋ በውስጡ የሚያልፈው ነገር ይልፈሰፈሳል። ውሃም ይሁን ጭስ ያው ነው። ሞተሩ ሲነሳ ጉልበት ያጣል። ዳገቱ ላይ ወርደህ ልትገፋት ነው?"

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም አልተሳሳቱም። ሰፋ ያለ ቱቦ ለሩጫ፣ ጠበብ ያለው ለመነሻ ይጠቅማል፤ አስተዋይ ሰው መሃል ላይ ይስማማል። እነሱ ግን አስተዋይ መሆን የሰለቻቸው ይመስል በየእረፍት ቀናቸው ቁጭ ብለው "ሁለት"፣ "ሁለት ተኩል" ይባባላሉ። መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። እያደር ሳቁ ቀነሰ። ማርሚታ በሙያዬ ገባብኝ አለ፤ ጠብታም የማውቀውን ብናገር ምን ነውር አለው አለ።

አንድ ቀን ሙግቱ ማርሚታ የሚሠራበት ጋራዥ ድረስ ተከተላቸው። ጠብታ የቱቦ ማጠፊያውን ትከሻው ላይ ተሸክሞ "በል እንጨርሰው፣ ሁለት ኢንቹን አምጣና ልጠፈው" ብሎ ገባ። መካኒኮቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩ ጀመር። ማርሚታ ሰው ሲያየው ድምፁ ይብስበታል።

"አንተ ስለ ሽንት ቤት ሲጠይቁህ ተናገር!" አለ። "ስለ ሞተር የሚያውቅ ሰው ይናገር!"

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ጠብታ ግን አልሳቀም። እንዲህ ያለውን ነገር በየቤቱ አፍንጫቸውን ይዘው በር ከሚከፍቱለት ሰዎች ስንት ጊዜ ሰምቶታል፤ ለምዶታልም። ከማርሚታ አፍ ግን ሰምቶት አያውቅም። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ማጠፊያውን መልሶ ተሸከመ፣ "ደህና ዋል" ብሎ ወጣ።

ማርሚታ ነገ ይመጣል ብሎ አሰበ። አልመጣም። ከነገ ወዲያ ይመጣል አለ። ከዚያ በኋላ ደግሞ "እኔ ምን አልኩት? ቀልድ አይደል እንዴ!" እያለ ማንም ሳይጠይቀው መመለስ ጀመረ። እልኩን ለመወጣት ሁለት ተኩል ኢንቹን ቱቦ ገዝቶ ቆረጠ፤ ዳሩ ምን ያደርጋል፣ ማጠፊያው ጠብታ ቤት ነው። ያልታጠፈ ቱቦ ደግሞ ከመኪና ሥር አይገባም። ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተወው። ቀይዋን ሸራ አለበሳት፤ ድመት ወለደችባት።

"አፍ እላፊ ተናግረሃል" አለችው ሚስቱ። "ሂድና ይቅርታ በለው። አንድ ቃል ነው።"

"ጥሎኝ የሄደው እሱ ነው።"

"አንተ ሰው፣ ወንድሜ ነው። እኔ ሁለት ቤት እየተመላለስኩ የማንን ኩርፊያ ልሸከም?"

ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። ክረምቱ አለፈ፣ ሌላ ክረምትም መጣ። ከዚያ ሚስቱ ከወንድሟ ቤት ስትመለስ ፊቷ እየጠቆረ መጣ። ጠብታ ሊጠግን የሄደበት ቤት ጠፍቶት መሣሪያውን እንደያዘ መንገድ ላይ ቆሞ ተገኘ አለች። ሌላ ቀን ደግሞ ልጁን በሟች ሚስቱ ስም ጠራት አለች።

"ሁላችንም እንረሳለን" አላት ማርሚታ። "የእኔን ነገር ግን አልረሳም አይደል? ለእሱ ሲሆንማ ማስታወሱ ደህና ነው።"

ሚስቱ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እሱም ሰማት። ያን ጊዜ ከመሄድ የያዘው ቂም እንዳልሆነ ራሱም ያውቀዋል። ቂሙ ካለቀ ቆይቷል። የቀረው እፍረት ነው፤ እፍረት ደግሞ በቆየ ቁጥር ይከብዳል። ትናንት ያልሄደ ሰው ዛሬ ምን ብሎ ይሄዳል? የጠብታን ሰፈር ላለማለፍ ሲል ዙሪያውን ዞሮ ሥራ መግባት ከጀመረ ሰንብቷል።

አንድ ከሰዓት በኋላ የጠብታ ልጅ በጋሪ ዕቃ አስጭና መጣች። አባቷን የምትጦረው እሷ ናት።

"ጋሼ፣ አባዬ ከእንግዲህ አይሠራም" አለችው። "መሣሪያውን እያወጣ በር ላይ ይደረድረዋል፤ ሰው ይወስድበታል። አንተ ብትይዘው ይሻላል።"

ማጠፊያው አለ፣ መፍቻዎቹ አሉ። ከሥር ደግሞ በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ነበር። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ፈታው። የታጠፈ ቱቦ ነው። ማርሚታ አንድ ጊዜ እንዳየው አወቀው፤ ይቺኛዋ እጥፋት ካምቢዮውን ታልፋለች፣ ያቺኛዋ በኋላ አክስሉ ላይ ትዘላለች፣ መጨረሻዋ በግራ በኩል ትወጣለች። የቀይዋ ጭስ ማውጫ ነው። ጠብታ ተሰድቦ፣ ሰው ስቆበት፣ ቤቱ ገብቶ፣ መኪናዋ አጠገቡ ሳትኖር በሐሳቡ እየለካ አጥፎታል።

ማርሚታ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰው። ግን ሰው ክፉ አመል አለውና መጀመሪያ ከአፉ የወጣው "ሁለት አድርጎታል፣ ግትር!" የሚል ነበር። ምን ያህል እንደሚጠብ ለማየት የራሱን ቁራጭ ከግድግዳው አንስቶ አፍ ለአፍ ገጠማቸው። የጠብታ ቱቦ የእሱ ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። ልክክ አለ። ሲነቀንቀው እንኳ አይንቀጫቀጭም።

ግራ ገባው። የቱቦ ስፋት የሚለካበትን ካሊፐር አመጣ። የጠብታን ቱቦ ከውስጥ ለካው፤ ሁለት። ከውጭ ለካው፤ ብረቱ ወፍራም የውሃ ቧንቧ ነውና ለሁለት ተኩል ጥቂት ነው የጎደለው። ደግሞ ለካ።

የቧንቧ ሰው ቱቦን የሚጠራው በውስጡ በሚያልፈው ነው፤ ለእሱ ቁም ነገሩ ውሃው ነው። የጭስ ማውጫ ሰው የሚጠራው ከውጭ ነው፤ ማሰሪያው የሚጠመጠመው በውጭ ነውና። ጠብታ "ሁለት" ሲል ቀዳዳውን፣ ማርሚታ "ሁለት ተኩል" ሲል ጀርባውን ነበር የሚናገሩት። በሁለቱ መካከል የቀረችው ልዩነት የቆርቆሮ ውፍረት ታህል ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ሲጯጯሁ አንዳቸውም "ከየት እስከ የት ለክተህ ነው?" አላሉም።

ማርሚታ ሳቀ። ብቻውን፣ ግቢው ውስጥ ቆሞ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሚስቱ ደንግጣ ወጣች። "ምን ሆንክ?" አለችው። ሊነግራት ሞከረና ተወው፤ ይህ ቀልድ የሚገባው ሰው አንድ ብቻ ነው። ከቱቦው ጫፍ አንድ እጥፋት ቆርጦ ያዘ፣ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ በዋናው መንገድ፣ ሲሸሸው በኖረው መንገድ፣ በሩጫ ሄደ።

ጠብታ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ፀሐይ ይሞቃል። የቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠመጠመውን ስስ ነጭ ጥቅል ይዞ ጣቱ ላይ ይጠመጥማል፣ ይፈታል። ከስቷል። ሰው ሲገባ አይቶ ሊነሳ ሞከረ።

"ይግቡ፣ ይግቡ" አለ። "ማንን ፈልገው ነው?"

ማርሚታ ክው ብሎ ቀረ። ይህ ሰው ሲስቅም "አንተ"፣ ሲቆጣም "አንተ" ነበር የሚለው፤ አንድ ቀን "እርስዎ" ብሎት አያውቅም። ቢሰድበው ይችለው ነበር። አክብሮቱን ግን አልቻለውም።

"እኔ ነኝ" አለ። "እኔ ነኝ እኮ፣ አንተ!"

ጠብታ ፊቱን በትህትና አየው። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰው ይጠፋብኛል። ይቀመጡ።"

ማርሚታ ተቀመጠ። ቱቦውን ዘረጋለት። ጠብታ ተቀበለና አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ አንድ ጊዜ አዞረው።

"ሁለት ኢንች" አለ ወዲያው። እጥፋቱን ዳሰሰ። "ያጠፈው ሰው እጅ አለው፤ አልተጨማደደም።" ከዚያ ለብቻው ፈገግ አለ። "አንድ አማች አለኝ። ይህን ቢያሳዩት ሁለት ተኩል ነው ብሎ ድርቅ ይላል።"

"ለምን?"

"ከውጭ ነዋ የሚለካው፣ ሞኙ!" ጠብታ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። "ቤቴ ገብቼ ስለካው ነው የገባኝ። ለካ ስንጨቃጨቅ የኖርነው በአንድ ቱቦ ነው! ያኔውኑ ሮጬ ልነግረው ነበር። ግን አንድ ነገር ተናግሮኝ ነበር... ሰው ፊት።" ግንባሩን አሸ። "ምን እንዳለኝ ጠፋብኝ። ብቻ እሱ ራሱ እስኪመጣ ልቆይ አልኩ። ሲመጣ እነግረዋለሁ። አቤት የሚስቀው ሳቅ!"

ማርሚታ አንገቱን ደፋ።

"ያውቁታል እንዴ?" አለው ጠብታ።

"አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አይመጣም?"

"አፍሮ ነው።"

"ከእኔ ጋር ደግሞ ምን እፍረት አለ?" ጠብታ በእውነት የገረመው ይመስላል። "ካገኙት ና ብሎሃል ይበሉልኝ። አልተቀየመህም ይበሉት።"

"እሺ።"

"አደራ። እኔ ለሰው የነገርኩትን መልሼ እረሳለሁ፤ እርስዎ አይርሱብኝ።"

"አልረሳም" አለ ማርሚታ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም።

ሲመለስ ሚስቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ዓይኖቹን አይታ ጥያቄዋን ልትውጠው አሰበች፤ አልቻለችም።

"ታረቃችሁ?" አለችው።

"እሱማ ድሮ ታርቆኛል" አላት። "አሁንም እስክመጣ እየጠበቀኝ ነው።"