ራሱ ወደ ሰሜን የዞረው
ሺገማትሱ በሬ ነጂ ነበር። በኪዩሹ ደሴት፣ ከአውሮፕላን ፋብሪካው እስከ ማረፊያው ሜዳ ባለው ጠባብ መንገድ፣ ጥቁሩን በሬውን ኩሮማሩን እየነዳ ዕድሜውን ፈጀ። ነዳጅ በጠፋበት፣ ኮረኮንቹም ስሱን የአውሮፕላን አካል በሚያናጋበት በዚያ ዘመን፣ አዲስ የተሠራ ሁሉ በበሬ ጋሪ ይጓዝ ነበር። በሬ ይዘገያል እንጂ አይሰብርም።

ሚስቱ ቀድማው አርፋለች። የበኩር ልጁ በደቡብ ባሕር ሰጥሞ፣ ለአባቱ የመጣለት በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ባዶ ሣጥን ብቻ ነበር። የቀረው ታናሹ ናኦታካ ነው፤ እርሱም አብራሪ፣ ያውም ማንም ገና ያልበረረባቸውን አውሮፕላኖች የሚሞክር። ስለዚህ ሽማግሌው በጋሪው የተጫነውን ሁሉ፣ ልጁን እንደ ተሸከመ ቈጥሮ ይነዳው ነበር።

በጦርነቱ የመጨረሻ በጋ አንድ ጭነት ተሰጠው። ክንፎቹ ለብቻቸው ሄደዋል፤ አካሉ ግን በሸራ ተሸፍኖ በገመድ ተተብትቧል፤ ሸራውን የገለጠ ወዮለት ተብሏል። በአንደኛው ጫፍ አየር የሚቀዝፈው የፕሮፔለሩ ቅርጽ ከሸራው ሥር ጕብ ብሎ ይታያል። ሺገማትሱ በዘመኑ ያየው አውሮፕላን ሁሉ ፕሮፔለሩ በግንባሩ ነበርና፣ ራሱ ይህ ነው ብሎ አመነ።

በማረፊያው ሜዳ ወዳለው መጋዘን ሲደርስ ጋሪውን አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ይል ጀመር። ዘብ የቆመው አስር አለቃ ትዕግሥቱ አለቀ።

«አንቱ ሽማግሌ፣ ዝም ብለው አያስገቡትም? ሙሽራ ነው እንዴ የሚያስቀምጡት?»

«ሙሽራማ ብትሆን ፊቷን ባሳዩኝ ነበር» አለና በሬውን እያባበለ የፕሮፔለሩን ጫፍ ወደ ደቡብ አዞረው።

በዚያ አገር ራሱን ወደ ሰሜን አድርጎ የሚጋደም በድን ብቻ ነው፤ ሕያው ሰው ትራሱን ወደዚያ አያዞርም። ሺገማትሱ ሚስቱን በገዛ እጁ እንዲያ አጋድሟታል። ልጁ የሚሳፈርበትን ነገር እንደ እርሷ አጋድሞ ሊሄድ ልቡ አልፈቀደም።

ማታ ናኦታካ ለእራት መጣ፤ ገና ሳይቀመጥ ሳቀ።

«አባቴ፣ መንገዱን ሁሉ ቂጡን አስቀድመው ነው ያመጡት! ፕሮፔለሩ እኮ ከኋላው ነው። እየተጎተተ ሳይሆን እየተገፋ ነው የሚበረው። እንግዲህ ኩሮማሩንም ከጋሪው በስተኋላ ይጥመዱት!»

ሽማግሌው የገብሱን ሳህን አስቀመጠ። «እንግዲያ ራሱ ወደ ሰሜን ነው።»

«ብረት እኮ ነው፣ አባቴ። ብረት ትራስ የለውም።»

«አንተ ግን አለህ» አለው።

በማግስቱ ሊያዞረው በሬውን ይዞ ሄደ። አስር አለቃው ግን በሩን አልከፈተለትም። «ትናንት አስተኙት፣ ዛሬ ሊቀሰቅሱት ነው? ይሂዱ፤ ያለዚያ በሬዎን ወጥ እናደርገዋለን!»

ከክንፎቹ ጋር ተገጣጥሞ የተሞከረ ዕለት፣ ሺገማትሱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር። አውሮፕላኑ ጅራቱን ያስቀደመ መስሎ ተነሣ፤ በሰማይ አንድ ጊዜ ዞሮ በሰላም ወረደ። ናኦታካም ወርዶ ለአባቱ እጁን አወዛወዘ። አውሮፕላኑ ግን እንደ ቀድሞው ራሱን ወደ ሰሜን አድርጎ ወደ መጋዘኑ ተመለሰ። አባት ግን አልተጽናናም፤ ሞት ከመንገዱ ባዶ እጁን እንደማይመለስ ያውቃልና።

ጥቂት ቆይቶ ጦርነቱ በሽንፈት አበቃ። በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ተብሎ አውሮፕላኑ ከመጋዘኑ ተገፍቶ ወጣ፤ ዘይት ተርከፍክፎበትም ተቃጠለ። ናኦታካ ማየት ስላልቻለ ጀርባውን ሰጠ። ሺገማትሱ ግን እስከ ፍጻሜው ተመለከተ። ማንም አላዞረውም፤ ራሱን ወደ ሰሜን እንዳደረገ ነደደ። ከእርሱ በኋላ ሌላ አልተሠራም። ያን ጊዜ ሞት የጠራው ልጁን ሳይሆን አውሮፕላኑን እንደ ነበር ተረዳ።

ሜዳው ተመልሶ የስኳር ድንች እርሻ ሆነ። የሙታን ነፍሳት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ በሚባልበት የነሐሴ በዓል፣ ሽማግሌው የሚስቱን መቃብር አጥቦ ሲያበቃ ባልዲ ውሃ ይዞ ወደዚያ ይወርድና ለተቃጠለው አውሮፕላን ያፈስ ነበር።

«ለጦር መሣሪያ ውሃ? ሰው ምን ይለናል?» ይል ነበር ልጁ።

«በአንተ ትራስ ተኝቷል። ሰው የወደደውን ይበል።»

አንዳንድ ጸጥ ባለ ማለዳ የሞተር ድምፅ ይሰማው ነበር፤ ሁልጊዜ ከበስተጀርባው። በሬውም ጆሮውን ያቆማል። ሲዞሩ ምንም የለም።

ሺገማትሱ በክረምት ብርድ ዐረፈ። ናኦታካ ራሱን ወደ ሰሜን አድርጎ በገዛ እጁ አጋደመው። በዓሉም ሲደርስ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ባልዲውን አንሥቶ ወደ እርሻው ወረደ። የድንቹ ቅጠል መሬቱን ሁሉ ሸፍኖታል። ያንን አውሮፕላን ከእርሱ በቀር ያበረረ ሰው አልነበረም፤ በተቃጠለበት ቀን ግን ጀርባውን ሰጥቶ ነበርና፣ የአውሮፕላኑ ራስ የት ላይ እንዳረፈ አላወቀም። ስለዚህ ከትልሙ መጀመሪያ አንሥቶ በዝግታ እየተራመደ ማፍሰስ ጀመረ።

ውሃው ሳያልቅ የሞተሩ ድምፅ ከበስተጀርባው መጣ። አልዞረም፤ እስከ ትልሙ መጨረሻ አፈሰሰ።