ለደከሙት ሽማግሌ ያጎረስኩት ቴምር

ደምሽ አንሷል ከተባልኩ ወዲህ ቴምር ከቦርሳዬ አይጠፋም፤ ጉልበቴ እንኳ ጠንክሮ ዳንኪራ አምሮታል! በቀደም የድሬ ልጅ ከሆነችው ጎረቤቴ ከፋጡማ ጋር ከአርሂባ ሰፈር አውቶቡስ ተሳፈርን። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፤ ወበቁ አያስተነፍስም። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ላብ አጥምቋቸው አንገታቸው ዘንበል ሲል አየሁ። የቴምር ጣፋጭነት ቶሎ ነፍስ ይዘራል ብዬ ከቦርሳዬ አንድ ፍሬ አወጣሁና አጎረስኳቸው።

"አንቺ ሴትዮ! ረመዳን እኮ ነው!" ብላ ፋጡማ ጮኸች። "የሰው ጾም አስፈታሽ!"

ክው አልኩ። አውቶቡሱ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሽማግሌው ግን ዋጥ አድርገው ከሸሚዛቸው ሥር ማተባቸውን አሳዩኝ። "አይዞሽ ልጄ፣ ክርስቲያን ነኝ።"

እልል ልል አፌን ስከፍት፣ "ሁዳዴን ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር የምጾመው" አሉ። "በይ፣ አንዴ ከገደፍኩ አይቀር ሌላም ጨምሪልኝ።"