የዘአማኑኤል አንበሳ ወዴት ያያል?

ቃሊቲ ውስጥ ሰዓሊው ዘአማኑኤል ያላቀለመው የጭነት መኪና ካለ፣ ገና ከመርከብ ያልወረደ ነው። በየመኪናው የኋላ ስፖንዳ ላይ የሳላቸው አንበሶች ባንድ ቀን ቢያገሱ፣ ማረሚያ ቤቱ ጠባቂዎቹን ይዞ ይሸሻል። እንዲህ ያለው ሰው ሰሞኑን እህል አልወርድ ብሎት ከሳ፤ ቀበቶው ሁለቴ ዞረው።

ያከሳችው እድላዊት ናት። ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ታጠናለች፤ ሰው ስዕል ሲያይ ልቡ ምን እንደሚሆን ነው የምትመራመረው። በሾፌሩ በታጁ መኪና ላይ ያለውን አንበሳ ፎቶ አንስታ፣ በኮምፒውተር ገልብጣ መንታ አበጀችለት። አንዱ ወደ ቀኝ ያያል፣ ሌላው ወደ ግራ። ሁለቱን ለሰፈሩ ሰው በታብሌት እያሳየች «የትኛው ዓይንዎን ይይዛል?» ልትል ነው። የትኛው ዋናው እንደሆነ አትናገርም።

«ሰው የተገለበጠውን ቢመርጥስ?» አላት ዘአማኑኤል ሚስቱን ፈለቀችን።

«የሚፈተነው አንበሳው ነው እንጂ አንተ ነህ እንዴ?»

«እኔ ነኝ እንጂ! ዕድሜ ልኬን ጎበዝ ሲሉኝ የኖሩት በይሉኝታ ቢሆንስ?»

ሲነጋ ቤት ለቤት ዞረ። ባለሱቋን ሐጀራን፣ ጎሚስታውን ሀይረዲንን፣ ያገኘውን ሁሉ «ወደ ቀኝ የሚያየው የኔ ነው። ግርማ ሞገስ አለው በሉልኝ» ብሎ ለመነ። የሰፈር ሰው ለጎረቤቱ ምስክር ሁን ተብሎ መች ቀርቶ ያውቃል! ሁሉም ወደ ቀኝ ጠቆመ።

ከሰዓት በኋላ ታጁ ጭነቱን ይዞ ከጅቡቲ ገባ። ዘአማኑኤል ወደ መኪናው ኋላ ዞሮ አየ። አንበሳው የሚያየው ወደ ግራ ነው! ከስንቱ አንበሳ ጋር አምታቶት ኖሮ፣ ሰፈሩን ሙሉ በገዛ አንበሳው ላይ አስመሰከረ።

እየሮጠ እድላዊት ዘንድ ደረሰና «ጥፋቱ የኔ ነው! እኔ ነኝ ያስጠናኋቸው» አላት።

«አውቄያለሁ ጋሼ» አለች ሳቋን እየዋጠች። «ሁሉም ግርማ ሞገስ፣ ግርማ ሞገስ አሉኝ። እትዬ ሐጀራማ ታብሌቱን ሳልከፍተው ነው ቀኙ ያሉት። በሉ አሁን ያላስጠኑት ሰው ያምጡልኝ።»

ያላስጠናው ታጁን ብቻ ነበር፤ ሄዶ ጠርቶ አመጣው።

«የገዛ መኪናው አይደል? ያውቀዋል እኮ» አለች እድላዊት።

«እኔ?» አለ ታጁ። «ከኋላዬ የተሳለውን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? እኔ የምነዳው ወደ ፊት ነው።»

ሁለቱን አሳየችው። ታጁ ቀኙን አየ፣ ግራውን አየ፣ አገጩን አከከ። ከዚያ አንዱንም ሳይመርጥ ታብሌቱን መለሰላትና ወደ መኪናው ሄደ።

«የትኛውን አለ? ኧረ የትኛውን አለ?» አለ ዘአማኑኤል።

ተከትሎት ሲደርስ ታጁ ስፖንዳው ፊት ተገትሯል። ጫኝና አውራጆቹ ስሙን እየጠሩ ይጮሃሉ፤ እሱ አይሰማም።

«ታጁ፣ በናትህ፣ ያስጠላል እንዴ?»

«ቆይ ጋሼ፣ አታናግረኝ» አለ ዓይኑን ሳይነቅል። «እያየሁት ነው።»